በክርክር መሃል የተደበቀ የአመክንዮ ሕፀፅ እንዴት ይለያል?

ድሬዳዋ ውስጥ በርጫ ላይም ሆነ ባጃጅ ውስጥ፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ ሲጠጣም ክርክር አይጠፋም። ጉዳቱ የሚመጣው የተሳሳተ ምክንያት ትክክል መስሎ ሲያልፍ ነው። የአመክንዮ ሕፀፅ፣ በዩኒቨርሲቲ የሎጂክ ትምህርት "ፋላሲ" የሚባለው፣ ከውሸት ይለያል፤ የቀረበው ምክንያት ድምዳሜውን መሸከም ሲያቅተው ነው ሕፀፅ የምንለው። አርስቶትል 13 ዓይነት ዘርዝሯል፤ ከዚያ ወዲህ ዝርዝሩ በጣም ረዝሟል። ስሞቹን ከመሸምደድ በፊት ግን አሠራሩን መልመድ ይሻላል።

1. ድምዳሜውን ነጥለው ያውጡ

ተናጋሪው በመጨረሻ እንድንቀበለው የሚፈልገው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ "ስለዚህ" ወይም "በመሆኑም" ከሚለው ቀጥሎ ይገኛል፤ "ምክንያቱም" ያስከተለው ደግሞ መነሻው ነው። ድምዳሜው ጨርሶ ሳይነገር የሚቀርበትም ጊዜ አለ። "አንተ ባጃጅ የለህ፣ ስለ ታሪፍ ምን አገባህ?" ሲባል ሳይነገር የቀረው "ስለ ታሪፉ ያልከው ስህተት ነው" የሚለው ነው። ምክንያቱና ድምዳሜው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ክፍተቱ ይታያል፤ የባጃጅ ባለቤት አለመሆን ታሪፉን ተገቢም አላግባብም አያደርገውም። ሐሳቡ ተትቶ ሰውየው ተመታ ማለት ነው። ሰውየው "በዓይኔ አይቻለሁ" ብሎ ምስክር ከሆነ ግን ታማኝነቱን መጠየቅ ሕፀፅ አይደለም።

2. ያልተነገረውን መነሻ ይፈልጉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ይህ ነው። "ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ የደቻቱ ወንዝም ደርቋል፤ ስለዚህ ጎርፍ አይመጣም" የሚል ሰው እንበል። የተናገራቸው ሁለቱም ነገሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ። ድምዳሜው የቆመው ግን "ጎርፍ የሚመጣው እዚሁ ሲዘንብ ነው" በሚል ባልተነገረ ሦስተኛ ነገር ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ሐሰት ነው። የደቻቱ ውሃ የሚወርደው ከከተማው በላይ ካለው ደጋ ነው። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ከ200 በላይ ሰው የፈጀው ጎርፍም የወረደው ከዚያው ደጋ ነው። ለማንኛውም ክርክር ይህን አንድ ጥያቄ ይያዙ፦ "የተነገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ድምዳሜው ሐሰት የሚሆንበት መንገድ አለ?" ካለ፣ ያ መንገድ የተደበቀውን መነሻ ያሳይዎታል።

3. የሚደጋገሙትን ይልመዱ

"ልጁ ዳማከሴ ጠጣ፣ በሳምንቱ ጉንፋኑ ለቀቀው" ሲባል፣ ባይጠጣስ ኖሮ ብለው ይጠይቁ። ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ በራሱ ይለቃል። መከታተል መንስኤ መሆን አይደለም። "በሥራ ሰዓት ጫት ይቅር" ላለው ሰው "ገበሬው ይራብ ነው የምትለው?" ብሎ መመለስ ያላለውን አስብሎ መርታት ነው። "ወይ ከእኛ ጋር ነህ ወይ ጠላታችን ነህ" የሚለው ደግሞ በመሃል ያሉትን ሁሉ ሰርዞ ሁለት ምርጫ ብቻ ያስቀራል።

ለእኛ ልዩ ጥንቃቄ የሚያሻው ተረትና ምሳሌ ነው። በጣም ስለሚያምር ክርክሩን የዘጋው ይመስላል። ለመቸኮል የፈለገ "ብረትን መቀጥቀጥ እንደጋለ ነው" ይላል፤ ለመዘግየት የፈለገ "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" ይላል። ሁለቱም ምሳሌዎች ሐሳብ ያስረዳሉ እንጂ አሁን የተያዘው ጉዳይ የትኛው ዓይነት እንደሆነ አያረጋግጡም። ተቃራኒውን ተረት ፈልጎ ማግኘት ጥሩ መፈተኛ ነው።

4. ስም ሳይለጥፉ ይመልሱ

"አቦ ተው፣ ይሄ ፋላሲ ነው!" ማለት ሰውን ያስቆጣል እንጂ አያሳምንም። መጀመሪያ "ያልከው እንዲህ ነው አይደል?" ብለው እሱ የሚቀበለውን ቃል ይድገሙ፤ ከዚያ የተደበቀውን መነሻ በጥያቄ ያውጡት፦ "እዚህ ሳይዘንብ ጎርፍ መጥቶ አያውቅም?" ለታላቅ ሰው ሲሆን ጥያቄው ብቻ ይበቃል።

አዋቂዎችም የሚወድቁበት አንድ ስህተት ቀርቷል፤ ምክንያቱ ስላልረባ ድምዳሜው ሐሰት ነው ብሎ መደምደም። ጎረቤትዎ "ሕልም አይቻለሁ፣ ዛሬ ደቻቱ ይሞላል" ካሉ ሕልሙ ማስረጃ አይሆንም። ቢሆንም በክረምት ከሆነ ደጋው ላይ፣ ደንገጎ ለሚኖር ዘመድ ደውለው ዝናብ መኖሩን ይጠይቁ።