ፍየሏ አርጅታ ሳይሆን ትል ይዟት ነበር

በቅርቡ ገዝተናት ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ሰፈር ግቢያችን ውስጥ ያለችው የወተት ፍየል ከሳች። ፀጉሯ ተንጨባረረ። መኖ ሲቀርብላት አሽትታ ትተወዋለች። ያያት ሁሉ «አርጅታለች፣ ሳትሞት ሽጣት» ይለኛል። ድሬ ላይ ለፍየል ሁሉም ሐኪም ነው።

አፏን ከፍቼ አየሁ። ፍየል የላይ የፊት ጥርስ የላትም፤ ዕድሜዋ የሚታወቀው ከታቹ 8 ጥርሶች ነው። መሃል ያሉት ሁለቱ የወተት ጥርሶች ከ1 ዓመት እስከ 1 ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ በትልልቅ ይተካሉ። ከዚያ በየዓመቱ ገደማ አንድ ጥንድ እየተተካ፣ 4 ዓመት አካባቢ 8ቱም ይሞላሉ። የእሷ መሃሉ ላይ 4 ትልልቅ፣ ዳርና ዳር 4 ትንንሽ ነው። ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው! ታዲያ እርጅናው ከየት መጣ?

የታችኛውን የዓይን ቆቧን በአውራ ጣቴ ገለጥ አደረግኩት። የጤነኛ ፍየል ውስጡ ቀይ ነው። የእሷ ወረቀት መስሏል። አገጯ ሥርም ለስላሳ እብጠት አለ። ሁለቱ ሲገጥሙ ደም መጣጭ የጨጓራ ትል ያስጠረጥራል። ደም ማነስ ግን በሌላም ምክንያት ስለሚመጣ እንስሳት ሐኪም ዘንድ ወሰድኳት። ሰገራዋ ሲመረመር የትሉ እንቁላል ተገኘ። በኪሎዋ ልክ አልቤንዳዞል የተባለ የትል መድኃኒት ተሰጣት። ሐኪሙ አለማርገዟን አስቀድሞ አጣርቷል፤ መድኃኒቱ በመጀመሪያው የእርግዝና ወር ፅንስ ይጎዳል። ወተቷንም ሐኪሙ እስኪፈቅድ ደፋነው፤ እናቴ በሻይዋ ነገር ብታኮርፍም።

አሁን ቆቧ ቀልቷል፣ እብጠቱም ጠፍቷል። ቆሻሻ እንዳይነካው መኖዋን ከመሬት አንስቼ ከፍ ያለ ገንዳ ላይ አድርጌዋለሁ። እሷ ግን ካርቶን ትመርጣለች።