የባኽን የቼሎ ስዊቶች ከብዙ ቀረጻ መካከል መምረጥ

አንዱን አምባሰል ከአምስት ዘፋኝ ሰምቶ «ይኼኛው ነው የያዘው» ብሎ መፍረድ ለወሎ ሰው አዲስ ሥራ አይደለም። ባቲም ሆነ መንዙማ፣ ዜማው ያው ሆኖ ባለድምፁ ሲለወጥ ምን እንደሚለወጥ ጆሯችን ያውቃል። የጀርመናዊውን አቀናባሪ የዮሃን ሰባስቲያን ባኽን ሙዚቃ ለመምረጥም የሚያስፈልገው ይኸው ጆሮ ነው። የሚቀረው የትኛውን ክፍል፣ በምን ዕቃ፣ በምን ቅደም ተከተል እንደሚሰሙ ማወቅ ነው።

ለጀማሪ የሚሻሉት ለአንድ ቼሎ (በጉልበት መካከል ተይዞ በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለክር መሣሪያ) ብቻ የተጻፉት ስድስቱ ስዊቶች (ተከታታይ የጭፈራ ዜማዎች ስብስቦች) ናቸው። አጃቢ የለም፣ ኦርኬስትራ የለም፤ አንድ ሰው፣ አራት ክር፣ አንድ ደጋን። ደጋኑ እንደ ማሲንቆው ሁሉ የፈረስ ጭራ ነው፤ ስለዚህ የደጋን አሳሳብ ሲያምርና ሲሻክር መለየት ማንም አያስተምራችሁም።

እያንዳንዱ ስዊት ስድስት ክፍል አለው፦ ፕሪሉድ (መግቢያ)፣ አልማንድ፣ ኩራንት፣ ሳራባንድ፣ ከዚያ አንድ ጥንድ ጭፈራ (በ1ኛውና በ2ኛው ሚኑዌት፣ በ3ኛውና በ4ኛው ቡሬ፣ በ5ኛውና በ6ኛው ጋቮት)፣ መጨረሻ ላይ ዢግ። ድምሩ 36 ክፍል ነው። ሁሉም ተደምሮ ከሁለት ሰዓት ትንሽ ያልፋል።

ቀረጻዎቹ እርስ በርስ ይህን ያህል የሚራራቁበት ምክንያት አለ። ስዊቶቹ የተጻፉት በ1720 አካባቢ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ቢሆንም ባኽ በገዛ እጁ የጻፈው ቅጂ አልተገኘም። ዋናው ምስክር ሚስቱ አና ማግዳሌና የገለበጠችው ነው፤ እሱ ላይ ደግሞ የትኞቹ ኖታዎች በአንድ የደጋን ስበት እንደሚያያዙ በግልጽ አይለይም። ስለ ፍጥነትም ስለ ድምፅ ከፍታም የሚናገረው ነገር የለም ማለት ይቻላል። ተጫዋቹ ራሱ ይወስናል። እናንተ የምትመርጡትም ያንን ውሳኔ ነው።

መጀመሪያ ፋይሉን መርምሩ

በሙዚቃ ጫኝ ሱቅ ወደ ሚሞሪ የሚገለበጠው ፋይል ብዙ ጊዜ «ትራክ 01» ከመባል ሌላ ስም የለውም። የማን እንደሆነ ያልታወቀ ቀረጻ ይወደድ ይሆናል፣ ግን ሌላውን ክፍል ፈልጎ ማግኘት አይቻልም። ስለዚህ የተጫዋቹን ስምና የተቀረጸበትን ዓመት ያልያዘ ፋይል አትቀበሉ። ስትፈልጉ የባኽ ሥራዎች የሚታወቁበትን ቁጥር ጨምሩ፦ ቢ፣ ደብልዩ፣ ቪ የሚሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት፣ ቀጥሎ ከ1007 እስከ 1012። 1007 የመጀመሪያው ስዊት ነው፣ 1012 ስድስተኛው። በዚህ ቁጥር በጊታርና በቪዮላ የተጫወቱትም ይወጣሉ፤ ቼሎ መሆኑን አይታችሁ ውሰዱ።

መጠኑን በተመለከተ፣ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ሙሉ ስብስቡ 130 ሜጋባይት አካባቢ ይመጣል። በ320 ኪሎቢት 325 ገደማ። ልዩነቱ በገንዘብ ብዙ አይደለምና ትልቁን ውሰዱ፤ በሌሊት ጥቅል ማውረድ ይቻላል። ነገር ግን 128 የነበረውን 320 ብሎ ደግሞ ማስቀመጥ ፋይሉን ያወፍረዋል እንጂ የጠፋውን አይመልስም። ከቪዲዮ ተወስዶ ሁለት ሦስት ጊዜ የተለወጠ ፋይል ላይ ደጋኑ ክሩን ሲነካ የሚሰማው ሻካራ ድምፅ ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። እንዲህ ያለውን ይዞ ሁለት ተጫዋች ማወዳደር ፋይል ከፋይል ማወዳደር ብቻ ነው።

አንድ ተጨማሪ ፍተሻ፦ ስልካችሁ ላይ ነጻ የመቃኛ አፕ ጫኑና የመጀመሪያውን ፕሪሉድ የመጀመሪያ ኖታ አሰሙት። ኖታው ጂ ነው። አፑ 98 ኸርዝ አካባቢ ካሳየ ዛሬ በተለመደው 440 ቅኝት (ኤ የሚባለው ኖታ 440 ኸርዝ በሚሆንበት) የተጫወተ ነው። ወደ 92 ወርዶ ኤፍ ሻርፕ ካለ ደግሞ በድሮው የባሮክ (የባኽ ዘመን) ቅኝት፣ በ415፣ የተጫወተ ሊሆን ይችላል፤ ግማሽ ድምፅ ይወርዳል ማለት ነው። በዘመናዊ ቼሎ የተቀረጸ መሆኑን እያወቃችሁ ከ98 ብዙ የራቀ ቁጥር ከመጣ ግን ፋይሉ ሲገለበጥ ፍጥነቱ ተዛብቷልና ጣሉት።

የምትሰሙበት ዕቃና ሰዓት

የስልኩን ስፒከር እርሱት። የቼሎ የመጨረሻው ወፍራም ክር፣ ሲ፣ 65 ኸርዝ ገደማ ነው የሚርገበገበው፤ ትንሹ ስፒከር ያን አያወጣም። ጆሮ ከላይ ካሉት ተከታይ ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን ይገምታል እንጂ ክሩን አይሰማውም። ጆሮ ውስጥ በደንብ የሚገጥም ባለሽቦ ኢርፎን፣ ርካሹም ቢሆን፣ ይበልጣል። ልል ብሎ ከተቀመጠ ግን ባሱ ይጠፋል፤ ጎማውን በልክ ቀይሩት። ባስ መጨመሪያውን፣ ኢኳላይዘሩንና «ሰራውንድ» የሚባለውን ሁሉ አጥፉ። እነሱ ካልጠፉ ሁሉም ቼሎ አንድ ዓይነት ይሆናል።

ሐምሌና ነሐሴ ደሴ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ማነጻጸር አይሞከርም። ለስላሳው የደጋን መመለሻ ይዋጥና ድምፅ ትጨምራላችሁ፤ ስትጨምሩ ጮኾ የተቀረጸው ያሸንፋል።

ከሁሉ የበለጠ የሚያሳስተው ይኸው የድምፅ ከፍታ ነው። ትንሽ ከፍ ያለው ለጆሮ «ጥርት ያለ» ወይም «ሕይወት ያለው» መስሎ ይሰማል። ስለዚህ ከማወዳደር በፊት የሁለቱን ቀረጻ የመጀመሪያውን ፕሪሉድ የመጨረሻ አኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) አሰሙና እኩል እስኪሆን አስተካክሉ፤ ስንት እርከን እንደቀነሳችሁ ወረቀት ላይ ያዙት። የ1930ዎቹና የዛሬው ቀረጻ አንድ ዓይነት ከፍታ አይኖራቸውም።

ቡና የተፈላበት ቤት ለዚህ ሥራ ይመቻል፤ ሙቀጫው ዝም ካለ በኋላ ማለት ነው። አቦሉ ላይ አንደኛውን፣ ቶናው ላይ ሁለተኛውን፣ በረካው ላይ ሦስተኛውን። ከሦስት በላይ አይበዛ፤ አራተኛው ላይ ጆሮ ይደክማል። አንድ ሰው ስልኩን ይያዝና ስም ሳይጠራ ሀ፣ ለ፣ ሐ ብቻ ይበል። የታዋቂ ሰው ስም ቀድሞ ከተጠራ ቤቱ በሙሉ ለስሙ ይፈርዳል። በሚቀጥለው ጊዜ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፣ መጨረሻ የተሰማው ያለ አግባብ ያሸንፋልና።

ምን ላይ ይፈረዳል?

ብዙ ሰው የሚፈርደው በመጀመሪያው ፕሪሉድ ነው፤ ስህተቱም እዚያ ይጀምራል። ያ ፕሪሉድ ዝነኛ የሆነው በራሱ ስለሚፈስ ነው። በሁለትና በሦስት ደቂቃ መካከል ያልቃል፤ ማንም ጥሩ ተጫዋች ቢይዘው ያምራል። ለቅኝት ፍተሻና ለድምፅ ማስተካከያ ተጠቀሙበት፤ ፍርዱን ለአምስተኛው ስዊት ሳራባንድ አቆዩት።

ይህ ሳራባንድ 20 ባር (ባለ ሦስት ምት ክፍል) ብቻ ነው፤ 8 መጀመሪያ፣ 12 ቀጥሎ፣ እያንዳንዱ ይደገማል። በሌሎቹ ሳራባንዶች ሁለትና ሦስት ክር አብሮ ሲሰማ፣ እዚህ አንድም ጥምር ድምፅ የለም። አንድ ድምፅ ከታች ይነሳል፣ ወደ ላይ ይዘልላል፣ ተመልሶ ይወርዳል። መደበቂያ ስለሌለ ደጋኑ አቅጣጫ ሲቀይር፣ ጣት ኖታውን በጥቂቱ ሲስተው፣ ሁሉም ይወጣል።

እንዲህ ስሙት። አንደኛ፣ እጃችሁን ጉልበታችሁ ላይ እያሳረፋችሁ በሦስት ምት ቁጠሩ። ሳራባንድ ከጭፈራ የመጣ ነው፤ ቆጠራው መሃል ላይ ከጠፋባችሁ ተጫዋቹ ሐዘኑን ሲያበዛ ምቱን ጥሎታል። ይህን የሚወዱ አሉ፤ እኛ ግን የሚቆጠረውን እናስቀድማለን፣ ምቱ ያልጠፋበት ሐዘን ረጅም ጊዜ ይሰማልና። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ዝላይ በፊት ያለው የታችኛው ኖታ ቀጣዩ ላይ እስኪደረስ በጆሮ ውስጥ ይቆያል ወይስ ወዲያው ይቆረጣል? የሚቆይ ከሆነ አንድ ክር ሁለት ድምፅ ይመስላል፤ የሥራው ጥበብ እዚያ ነው። ሦስተኛ፣ ድግግሞሹ ላይ ምን ተለወጠ? ያው ከፍታ፣ ያው ፍጥነት ከሆነ ተጫዋቹ ያነበበው ኖታውን ብቻ ነው።

ከዚያ ለማረፊያ የሦስተኛውን ስዊት ቡሬ ጨምሩ። እግር ሳይታዘዝ ወለሉን ካልመታ ያ ቀረጻ ለጭፈራዎቹ አይሆንም።

ስለ ርዝመት አንድ ማስጠንቀቂያ። «ይኼኛው 3 ደቂቃ ያኛው 5 ደቂቃ ነው፤ ይኼ ፈጣን ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም። አንዱ ድግግሞሹን ትቶት ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ድግግሞሽ ቁጠሩ፣ ከዚያ ፍጥነት።

ከማን ይጀመር?

ፓብሎ ካሳልስ ከ1936 እስከ 1939 በለንደንና በፓሪስ የቀረጸው መነሻ ነው፤ ስድስቱንም በሸክላ ያስቀረጸ የመጀመሪያው እሱ ነው። ደጋኑ ይሻክራል፣ ምቱ ነጻ ነው፣ ጭፈራዎቹ ላይ ግን ማንም አይደርስበትም። ከሸክላው ወደ ዲጂታል የተገለበጠ ብዙ ዓይነት ቅጂ አለው። የሸክላው ሽሽ የሚለው ድምፅ ጨርሶ የጠፋበትን አትውሰዱ፤ ሽሽታው ሲታጠብ የቼሎው የላይኛው ድምፅም አብሮ ይታጠባል፤ የሚቀረው ብርድ ልብስ የተሸፈነ ይመስላል።

ፒየር ፉርኒዬ በ1960 የቀረጸው ንጹሕ፣ የተመዘነ፣ ለጀማሪም ለቆየም የሚሆን ነው። አንድ ብቻ ያዙ የሚል ካለ እሱን እንላለን። ያኖሽ ሽታርከር በ1960ዎቹ የቀረጸው ደረቅና ትክክለኛ ነው፤ ቅኝቱ ስንዝር አይስትም፣ አንዳንዱን ግን ይቀዘቅዘዋል። ሮስትሮፖቪች በ1991 ፈረንሳይ አገር ቬዝሌ ባለ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው የቀረጸው። የግድግዳው ማስተጋባት ድምፁን ያገዝፈዋል፤ ፈጣን ክፍሎች ላይ ኖታዎቹ ይደራረባሉ፣ ሳራባንዶቹ ላይ ግን ያምርበታል። ዮ-ዮ ማ ሦስት ጊዜ ቀርጿቸዋል፣ የመጀመሪያው በ1983፣ የመጨረሻው በ2018 የወጣ፤ አንድ ሰው በዕድሜ ምን እንደሚለወጥ ለመስማት ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጉ።

እንደ ድሮው በጅማት ክርና በባሮክ ቅኝት ከሆነ አነር ባይልስማ፣ የ1979ኙ። ድምፁ አጭር፣ እንደ ንግግር የተቆራረጠ ነው። ይህን ከፉርኒዬ ቀጥሎ ወዲያው ከሰማችሁት ዝቅ ያለው ቅኝት «የተበላሸ» ይመስላል፤ በመካከል ጥቂት ደቂቃ አሳርፉ፣ ጆሮ ይለምደዋል።

ሁለቱ የመጨረሻ ስዊቶች ለብቻቸው መመረጥ አለባቸው። አምስተኛው ሲጻፍ የላይኛው ክር ከኤ ወደ ጂ ዝቅ ተደርጎ ነው፤ ክራር ለሌላ ቅኝት እንደሚፈታ። አንዳንዶች በተለመደው ቅኝት ይጫወቱታል፤ ክሩን ያወረደው ድምፁ ይጠቁራል። ስድስተኛው ደግሞ ለባለ አምስት ክር መሣሪያ የተጻፈ ነው። በአራት ክር ሲጫወቱት ግራ እጅ ወደ ላይ ይሰደዳል፤ ከፍ ያሉት ኖታዎች ላይ የጠበበና የሚጨነቅ ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ባይልስማ በ1992 በደገመው ቀረጻ ስድስተኛውን በባለ አምስት ክር ትንሽ ቼሎ ተጫውቶታል፤ ለዚያ ስዊት እሱን ያዙ።

ከአንድ ሰው ስድስቱንም መውሰድ ግዴታ አይደለም። ሚሞሪያችሁ ላይ ለእያንዳንዱ ስዊት አንድ ፎልደር ክፈቱ፣ የመረጣችሁትን ተጫዋች ስምና ዓመት በፎልደሩ ስም ላይ ጻፉ። ክፍሎቹን ከ01 እስከ 06 ቁጠሩ፤ ዜሮው ካልቀደመ፣ ከስድስቱም ስዊት ወደ አንድ ፎልደር ስትገለብጡና እስከ 36 ስትቆጥሩ፣ ብዙ ማጫወቻ 10ን ከ2 ያስቀድማል። ሻፍሉንም አጥፉት።