ቤዜ ባጃጅ ውስጥ ለምን ጠፋ?

በኮምፒውተር በምሠራው ሙዚቃ ውስጥ በሄድፎን ደረቴን የሚመታው ቤዝ (ወፍራሙ ዝቅተኛ ድምፅ)፣ ጎንደር ፒያሳ የተሳፈርሁበት ባጃጅ ስፒከር ላይ ስከፍተው ድራሹ ጠፋ። ጥፋቱን በሶፍትዌር ሲንተሳይዘሬ (ድምፅ በሚፈጥርልኝ ፕሮግራም) ላይ አላክኬ እንደ ሚኒሙግ ያለ አናሎግ፣ ማለትም ድምፁን በኤሌክትሪክ ሰርኪዩት የሚፈጥር መሣሪያ፣ ካልገዛሁ ብዬ ነበር። ደግነቱ መጀመሪያ የጓደኛዬን ትንሽ አናሎግ ተዋስሁ። የእሱም ጠፋ! ለካ የቤዝ ጊታር ዝቅተኛው ኖታ 41 ኸርዝ (በሰከንድ 41 ንዝረት) ገደማ ነው፤ ትንሽ ስፒከር እዚያ ድረስ አይወርድም። ሳቹሬሽን (ድምፁን በትንሹ የሚያሻክር ኢፌክት) ስጨምርበት 82 እና 123 ኸርዝ አካባቢ ተጨማሪ ድምፅ ስለሚወልድ ጆሮ ቤዙን ከእነሱ ይገምተዋል። የሲንተሳይዘሬ ሁለት ኦሲሌተሮችም (ድምፅ አመንጪዎች) እየተጣሉ አንዳንዱን ኖታ ያሳሱት ስለነበር አንዱን አጠፋሁ፣ ታችኛውን ድምፅ ሞኖ (በግራም በቀኝም አንድ ዓይነት) አደረግሁት። የአናሎጉ ወዝ ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እስኪሞቅ ቅኝቱ ይዋልላል፣ ለእኛ ሰፈር አይሆንም። መለስሁለት።