ላብ ፖዘቲቭ ያለው ፍሉ መዝገብ ላይ ሲጠፋ፦ ችግርና መፍትሄ

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ወልድያ አካባቢ ሆስፒታል ውስጥ ዳታ ላይ ለምትሰሩ፣ ካርድ ክፍልም ሁኑ ኤችአይቲ (የጤና መረጃ ቴክኒሻን)።

ችግር፦ ላብ ሎግቡክ (የምርመራ መዝገብ) ላይ ኢንፍሉዌንዛ (ፍሉ) ፖዘቲቭ የሆኑ ሰዎች አሉ፣ ሪፖርት ስታወጡ ግን በኢንፍሉዌንዛ የተመዘገበ ወይ የለም ወይ በጣም ትንሽ ነው።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ሰዓቱ ነው። ሰውየው የጦሳ ብርድ መታኝ ብሎ ይመጣል፣ ትኩሳትና ሳል አለው፣ ሀኪሙ ኒሞኒያ (የሳንባ ምች) ብሎ ይጽፋል፣ ስዋብ (ከአፍንጫ ወይ ከጉሮሮ የሚወሰድ ናሙና) ተወስዶ ለፒሲአር (የቫይረሱን ዘረመል ለሚፈልግ ምርመራ) ይላካል፣ ውጤቱ ሲመለስ ሰውየው ድኖ ሀይቅ ከተማ ቤቱ ገብቷል ካርዱም መደርደሪያ ላይ ወጥቷል። ለበሽታው ኮድ የሚሰጠው ባለሙያ (ኮደሩ) የሚያየው ዲስቻርጅ ላይ፣ ማለትም ሲወጣ፣ የተጻፈውን ዳይግኖሲስ ነው፣ ስለዚህ ኒሞኒያ ሆኖ ይቀራል። ማንም አልዋሸም እኮ!

መፍትሄ፦ ከኮድ አትጀምሩ፣ ከላብ ጀምሩ። ፖዘቲቮቹን በካርድ ቁጥር ዘርዝሩና ካርዱን አስወጡ። ዘግይቶ የመጣ ውጤት ካርዱ ውስጥ እንዲገባ አንድ ሰው በስም ይመደብ፣ "ሁላችንም እናየዋለን" ከተባለ ማንም አያየውም። ዳይግኖሲሱን የሚያስተካክለው ሀኪሙ ነው፣ የድሮውን ሳይሰርዝ ከስሩ ቀንና ፊርማ አድርጎ፣ ኮደሩ በራሱ እንዳይቀይር።

ችግር፦ ተገላቢጦሹ፣ ኮዱ ኢንፍሉዌንዛ ይላል ላብ ግን ምንም የለም። አይሲዲ 10 (የበሽታዎች አለም አቀፍ የኮድ ዝርዝር) ላይ ጄ10 ቫይረሱ ሲታወቅ ነው፣ ጄ11 ሳይለይ ሲቀር፣ ጄ09 ደግሞ ከእንስሳት ለመጣ ወይ ለወረርሽኝ ዝርያ። ሰው ሲቸኩል መጀመሪያ ያገኘውን ይመርጣል። የላብ ውጤት ከሌለ ጄ10 አይጻፍ፣ በላብ የተረጋገጠ ብላችሁ ስትቆጥሩም ጄ11ን አትደምሩ።

ችግር፦ ሁለቱም መዝገብ ላይ አለ ግን አይገጣጠምም። ይሄ ወሎ ውስጥ ራስ ምታት ነው፣ ሰይድ መሀመድ የሚባል ሰው በአንድ ቀን ስንት ይመጣል፣ አንዱ ሰይድ ሌላው ሰኢድ ብሎ ይጽፈዋል፣ ላብ ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል በፈለገው ስፔሊንግ። በስም ብቻ አታገናኙ፣ የካርድ ቁጥር፣ ከዛ የአያት ስም፣ እድሜና ቀበሌ። ሁለተኛው ወጥመድ ቀኑ ነው፣ ካርዱ ላይ 12/04/2016 ካለ ታህሳስ 12 ማለት ነው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 22 ቀን 2023፣ ኤክሴሉ ግን 2016ን የፈረንጅ አድርጎ ያነበዋል፣ ላብ ቀኑን በፈረንጅ ከጻፈ ያኔ ሰውየው ከታመመ ከሰባት አመት በኋላ የተመረመረ ይመስላል (ስንት ሰው ይሄን "ዳታው ተበላሽቷል" ብሎ ጥሎታል)። ቀኑን ቀይሩና የካሌንደሩን አይነት በሌላ ኮለም ጻፉ።

ችግር፦ ምልክቱ ሁሉ የፍሉ ነው ውጤቱ ግን ኔጌቲቭ። ራፒድ ቴስት (ፈጣን ምርመራ) ከሆነ ኔጌቲቭ አያሳርፍም፣ ብዙ ፖዘቲቭ ያመልጠዋል፣ ፒሲአር ይሻላል። እሱም ቢሆን ስዋቡ በሽታው ከጀመረ ብዙ ቀን ቆይቶ ከተወሰደ ወይ መንገድ ላይ ቅዝቃዜው ከተቋረጠ ሊያመልጠው ይችላል። በሽታው የጀመረበትን ቀንና የቴስቱን አይነት ካልመዘገባችሁ ኋላ መለየት አይቻልም።

ችግር፦ መዝገባችን ምን ያህል ትክክል ነው ሲባል ሁለት ሰው ሁለት መልስ ይሰጣል። ጥያቄው ሁለት ስለሆነ ነው። ለምሳሌ ላብ 20 ፖዘቲቭ አለ እንበል፣ ከነሱ 8ቱ ብቻ የኢንፍሉዌንዛ ኮድ ካላቸው መዝገቡ የያዘው 40 ፐርሰንቱን ነው። ኮድ ያላቸውና የተመረመሩት ግን በጠቅላላ 10 ከሆኑ፣ ኮዱ ሲኖር 80 ፐርሰንት እውነት ነው። ሁለቱንም ጻፉ፣ ያልተመረመረውን ደግሞ ኔጌቲቭ ብላችሁ አትቁጠሩ።

ይሄን ሁሉ ዲኤችአይኤስ 2 (የጤና ሪፖርት የሚገባበት ሲስተም) ላይ ለማረም አትሞክሩ፣ የወር ሪፖርቱ ላይ ያለው ድምር ነው የእያንዳንዱ ሰው መረጃ የለበትም፣ አብሽሩና ወደ ሬጅስተሩ ተመለሱ።