የኦፕን ሶርስ ሶፍትዌርን የዳውንሎድ ቁጥር እንዴት ማንበብ ይቻላል

«በወር ሚሊዮን ጊዜ ዳውንሎድ ተደርጓል» ሲባል ሚሊዮን ሰው ይጠቀምበታል ማለት አይደለም። ቁጥሩ ፋይሉ ከሰርቨር ስንት ጊዜ እንደወጣ ብቻ ነው የሚናገረው።

መጀመሪያ ቁጥሩን ያግኙ። የጃቫስክሪፕት ፓኬጆች (ሌሎች ፕሮግራመሮች የሚጠቀሙባቸው ዝግጁ የኮድ ጥቅሎች) የሚቀመጡበት ኤንፒኤም የሳምንቱን ቁጥር እዚያው በፓኬጁ ገጽ ላይ ያሳያል። የፓይተኑ ፓይፒአይ አያሳይም፤ መረጃው ግን ቢግኩዌሪ በሚባለው የጎግል ዳታቤዝ ለሁሉም ክፍት ነው። ዳታቤዝ የሚጠየቅበትን ቋንቋ ኤስኪውኤልን የማይችሉ ከሆነ ፓይፒአይ ስታትስ የሚባለው ድረ ገጽ የ180 ቀኑን በግራፍ ያወጣልዎታል።

ቀጥሎ ሰውን ከማሽን ይለዩ። አስቸጋሪው ሥራ ይሄ ነው። አንድ ፕሮግራመር በቀን 20 ጊዜ ኮድ ፑሽ ቢያደርግና (የጻፈውን ቢልክና) ኮዱን በራሱ የሚፈትሸው የሙከራ ሰርቨር በየጊዜው ከባዶ እየተነሣ ፓኬጁን ቢያወርድ፣ በ30 ቀን 600 ዳውንሎድ ይመዘገባል። ሰውየው ግን ያው አንድ ነው። በተቃራኒው መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አንዴ አውርዶ ከራሱ ሰርቨር ቢያከፋፍል የሚቆጠረው 1 ነው። ስለዚህ «በአሥር ባካፍለውስ» የሚለው ዘዴ አያዋጣም። ይልቅ ፓይፒአይ ስታትስ ላይ ሚረሮችን (ፓኬጆቹን ገልብጠው የሚያስቀምጡ ሰርቨሮችን) ያላካተተውን መስመር ይያዙ። ቢግኩዌሪ ላይ ደግሞ የፓይተን ፓኬጆችን የሚያወርደው ፕሮግራም ፒፕ ራሱ «አውቶማቲክ የሙከራ ሰርቨር ላይ ነኝ» ብሎ ያስመዘገባቸውን ከቁጥሩ ይቀንሱ። ምልክቱ የሌለበት ሁሉ ሰው ነው ብለው ግን አይደምድሙ፤ ፒፕ የማያውቃቸው ሰርቨሮችም አሉ።

ከዚያ ፓኬጁ ተፈልጎ ነው ወይስ በሌላ ፓኬጅ ተጎትቶ የመጣው ብለው ይጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ከኤንፒኤም ላይ የተሰረዘው ሌፍት-ፓድ የሚባል ፓኬጅ 11 መስመር ኮድ ነበር፤ ሲሰረዝ የብዙዎች ፕሮጀክት ተሰበረ፤ አብዛኞቹ እንደሚጠቀሙበት እንኳ አያውቁም ነበር። ማክ ላይ ፕሮግራም ለመጫን የሚያገለግለው ሆምብሩ ተፈልጎ የመጣውንና ተጎትቶ የመጣውን ለይቶ ይቆጥራል፤ ሌሎቹም ቢለምዱት ጥሩ ነበር።

በመጨረሻ ድምሩን ትተው ክፍፍሉን ይዩ። እኔ መጀመሪያ የማየው ቅዳሜና እሁድን ነው፤ ግራፉ በየሳምንቱ እዚያ ጋ ከወረደ ተጠቃሚው በአመዛኙ መሥሪያ ቤት ነው። አዲስ ቨርዥን ሲወጣ ቁጥሩ ቢዘል አይደነቁ፤ ቀድመው የሚደርሱት ሮቦቶች ናቸው። የቆዩ ቨርዥኖችን ግን አይለፏቸው፦ ከዓመታት በፊት የወጣ ቨርዥን ዛሬም በየቀኑ ከወረደ፣ አንድ ቦታ የሆነ ሰው የቨርዥኑን ቁጥር ፋይል ውስጥ ጽፎ ረስቶታል። የደኅንነት ክፍተት ሲገኝ ማስጠንቀቂያው መጀመሪያ መድረስ ያለበት ለእሱ ነው፤ ዳውንሎዱ ግን አድራሻውን አይነግርዎትም።