«የፈረንጅ ጥድ ነው» የተባለን ጣውላ በዲኤንኤ ስለ ማጣራት

ከሐረርጌ ደጋ በደንገጎ ቁልቁለት ወደ ድሬዳዋ የሚወርድ የጭነት መኪና ጣውላ ጭኖ ቢያዝና ባለንብረቱ «ራሴ የተከልኩት የፈረንጅ ጥድ ነው» ቢል፣ በዐይን ብቻ አይቶ ማስተባበል ያስቸግራል። የሀበሻ ጥድ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በተሻረው አዋጅ ቁጥር 94/1986 ከዝግባ፣ ከኮሶና ከዋንዛ ጋር ጥበቃ የተደረገለት አገር በቀል ዛፍ ነው፤ የፈረንጅ ጥድ ግን ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ መጥቶ ለጣውላ የሚተከል ሲሆን፣ ሁለቱ ተዛማጆች ቢሆኑም በዲኤንኤ ይለያያሉ።

አስቀድሞ የጣውላውን ጫፍ በስለት ላጥ አድርጎ በአጉሊ መነጽር ማየት ይገባል። የውኃ መተላለፊያ ቀዳዳዎች ከታዩ እንጨቱ ከሁለቱም ጥዶች አይደለም። ቀዳዳ ከሌለው፣ ቀላ ካለና ሲላጥ እንደ ተቀረጸ እርሳስ ከሸተተ የሀበሻ ጥድ መሆኑን ያስጠረጥራል፤ ሽታ ግን ለፍርድ ቤት አይቀርብም።

ብዙ ምርመራ የሚበላሸው ናሙና ሲወሰድ ነው። መሀል ያለው ቀይ እንጨት ሕዋሶቹ ዛፉ ሳይቆረጥ ከሞቱ ዓመታት ስለሚያልፋቸው ዲኤንኤው የተሰባበረ ነው፤ ስለዚህ ቅርፊት የቀረበት ጠርዝ ተፈልጎ ከሥሩ ያለው ነጣ ያለ እንጨት በመሮ ይፈለጣል። ለእያንዳንዱ ጣውላ ጓንት ይቀየራል፤ መሮውም በበረኪና ተወልውሎ በንጹሕ ውኃ ይታጠባል። ከመኪናው ወለል የተጠረገ ብናኝ የስንት ዛፍ ቅልቅል እንደሆነ ስለማይታወቅ አይወሰድም። ናሙናው በወረቀት ፖስታ፣ እርጥበት ከሚመጠው ሲሊካ ጄል ጋር ይታሸጋል፤ እርጥብ እንጨት በፌስታል ታስሮ በድሬዳዋ ሙቀት ካደረ ይሻግታል። ከታሸገ በኋላ ኤግዚቢቱን የተረከበ ሁሉ ቀንና ሰዓት ጽፎ ይፈርማል።

በቤተ ሙከራ የናሙናው ላይኛ ገጽ ተልጦ ይጣልና የቀረው ይፈጫል፤ የዲኤንኤውን ቅጂ የማብዛቱን ሥራ የሚያግዱት፣ በእንጨቱ ውስጥ ያሉት ታኒንና ሙጫም ይወገዳሉ። እ.ኤ.አ. በ2009 ለዕፅዋት መለያነት የተመረጡት አርቢሲኤልና ማትኬ የተባሉት ዘረመሎች በክሎሮፕላስት (ዕፅዋት የፀሐይ ብርሃንን ለምግብ ሥራ በሚጠቀሙበት የሕዋስ ክፍል) ውስጥ ብዙ ቅጂ ስላላቸው ከደረቅ እንጨት የመገኘት ዕድላቸው የተሻለ ነው፤ ሆኖም ረጅሙ ክፍል ስለማይወጣ ከ200 የዲኤንኤ ፊደል ያነሱ ቁራጮችን መፈለግ ይሻላል። እንጨት ያልተጨመረበት ባዶ ቱቦ አብሮ ይሠራል፤ እርሱ ውስጥ ጥድ ከተገኘ ውጤቱ በሙሉ ይጣላል። ማነጻጸሪያው ከኢንተርኔት ቋት ብቻ ሳይሆን፣ በብሔራዊ ሕርባሪየም (የደረቁ ዕፅዋት ናሙናዎች በሚቀመጡበት ተቋም) ስሙ ከተረጋገጠ ዛፍም ቢወሰድ ይመረጣል።

ሪፖርቱ የዛፉን ዝርያ ይናገራል እንጂ የተቆረጠበትን ደን አይናገርም፤ ለዚያ ከየደኑ ተሰብስቦ የተመዘገበ የዘረመል መረጃ ያስፈልጋል።