የመዋኛ ገንዳ ውሃ ሲበላሽ፦ ከመድኃኒቱ በፊት ዝውውሩን መፈተሽ

ድሬዳዋ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ የሚንከባከብ ሰው ሁለት ፈተናዎች አሉበት። ከተማዋ የምትጠጣው የከርሰ ምድር ውሃ፣ በየቤቱ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ቅርፊት እንደሚመሰክረው፣ ካልሲየም ይበዛበታል፤ የቀትሩ ፀሐይ ደግሞ መከላከያ የሌለውን ክሎሪን አብዛኛውን በሁለት ሰዓት ውስጥ ያጠፋዋል። ይሁንና ውሃው በተበላሸ ቁጥር ክሎሪን መጨመር የተለመደ ቢሆንም፣ ጉድለቱ ብዙ ጊዜ ያለው ውሃው በፓምፑና በማጣሪያው በኩል በሚያደርገው ዝውውር ላይ ነው።

ምልክት፦ በመሰላሉ ሥር ወይም በአንድ ማዕዘን ብቻ አረንጓዴ ልጋግ ይይዛል

በሌላው በኩል የክሎሪኑ ልኬት ደህና ከሆነ፣ ያ ማዕዘን የተጣራው ውሃ የማይደርስበት ነው ማለት ነው። ለማረጋገጥ ዋናተኛ በሌለበት ሰዓት፣ ፓምፑ እየሠራ፣ ጥቂት የምግብ ቀለም በቦታው ጠብ አድርጎ መመልከት ይበቃል፤ ቀለሙ ሳይበተን እዚያው ከቆየ ውሃው አይንቀሳቀስም። ልጋጉን በብሩሽ ፍቆ፣ የተጣራው ውሃ የሚመለስባቸውን አፎች ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫና ትንሽ ወደ ታች ማዞር ውሃው ገንዳውን እንዲዞር ያደርገዋል።

ከአፎቹ የሚወጣው ውሃ ራሱ ደካማ ከሆነ የማጣሪያውን የግፊት መለኪያ ማንበብ ያስፈልጋል። ግፊቱ ማጣሪያው ንጹሕ ሳለ ከነበረው በ0.5 ባር ገደማ ከጨመረ በማጣሪያው ውስጥ ያለው አሸዋ ቆሻሻ ስለያዘ፣ ውሃው ጠርቶ እስኪወጣ ድረስ ባክዋሽ ይደረጋል፤ ማለትም ውሃ በአሸዋው ውስጥ ወደ ኋላ እንዲፈስ ተደርጎ ቆሻሻው ይታጠባል። ግፊቱ ከቀነሰ ግን ችግሩ ከፓምፑ በፊት ነው፤ ቆሻሻ የሚይዘው የፓምፑ ቅርጫት በቅጠል ተደፍኗል፣ ወይም በላላ ክዳንና መጋጠሚያ አየር ይገባል። አየር ከገባ በአፎቹ በኩል አረፋ ይታያል። ፓምፑ የሚሠራበት ሰዓትም ይሰላ፦ 200 ሜትር ኩብ የሚይዝን ገንዳ በሰዓት 50 ሜትር ኩብ የሚገፋ ፓምፕ አንድ ጊዜ ለማዞር 4 ሰዓት ይፈጅበታል፤ አንድ ዙር ደግሞ ውሃውን ሁሉ አያጣራም።

ምልክት፦ ውሃው ወተት ይመስላል

ፒኤቹ (የውሃው የአሲድነት መለኪያ፤ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) ከ7.8 በላይ ሲወጣ፣ በተለይም ውሃው ሲሞቅ፣ ካልሲየሙ ከውሃው ተለይቶ ይንሳፈፋል። እዚህ ላይ የክሎሪን ዱቄት መጨመር ነገሩን ያባብሰዋል፤ ዱቄቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ካልሲየም አለበትና። አሲድን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ፒኤቹን ከ7.2 እስከ 7.6 ባለው ውስጥ ማምጣት፣ ማጣሪያውንም ያለማቋረጥ ማሠራት ይገባል። ምንጊዜም አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ከክሎሪን ጋር ከተቀላቀለ ደግሞ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ካልጠራ ማጣሪያውን ከፍቶ አሸዋውን በእጅ መዳሰስ ነው፦ በኖራ ተጣብቆ ጓል ከሠራ ውሃው በስንጥቁ ሾልኮ ስለሚያልፍ አሸዋው ይቀየራል።

ምልክት፦ ክሎሪን ክሎሪን ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል

ይህ የክሎሪን መብዛት ሳይሆን፣ ከላብና ከሽንት ጋር ተጣምሮ የደከመ ክሎሪን ምልክት ነው። ከጠቅላላው ክሎሪን ላይ ነጻው፣ ማለትም ገና ያልተጣመረው፣ ሲቀነስ የሚገኘው መጠን በሊትር ከ0.5 ሚሊግራም ከበለጠ፣ ገንዳው ተዘግቶ፣ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ የዚያን መጠን አሥር እጥፍ ክሎሪን ይጨመራል። ነጻው ክሎሪን በሊትር ወደ 3 ሚሊግራም ሳይወርድ ማንም አይግባ።

ናሙና የሚቀዳው ክንድን እስከ ክርን አጥልቆ፣ ከአፎቹ ርቆ፣ በተለይም ልጋግ ከሚወደው ማዕዘን ነው። የገንዳው ወለል ላይ ያለው የፍሳሽ ክዳን ከዳር ቆሞ ለሚያይ ሰው በግልጽ ካልታየ ግን ልኬት መጠበቅ አያስፈልግም፤ የሰመጠ ሰው አይታይምና ገንዳው ወዲያው ይዘጋል።